ካሬ ደብተር

ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
ነሐሴ መስኮቴን ሲደበድብ ከሰማይ፣
ታች ረዳቱ “ሜክሲኮ! ሁለት ሰው!” እያለ፣
አንድ ምስል ከኢታንግ ተነስቶ መንገድ ላይ ዋለ።

አርባ በመቶ።
አርባ አንድ።
ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ እንደ መጋረጃ፤
መጀመሪያ የሆዷ ቆዳ፣ ከሥሩ ጥቁር ውሃ፣
የጭንቅላቱ ቅስት፣
ነጭ ዶቃ የመሰለ የጀርባ አጥንት።
እኔ የምፈልገው ግን ከታች ነው፣ በሩ ጋ።
እዚያ ሊደርስ ሲል ቆመ።
ስድሳ ሦስት በመቶ ላይ ምስሉ ታመመ።

ኛማል ትባላለች። ሰባት ወር ከግማሽ።
ሳያማት ደም አየች፣ ሁለቴ።
አዋላጁ ኡጁሉ መሣሪያውን ይይዛል፤
ዘንድሮ ነው የመጣላቸው፣ በካርቶን፣
የሚያነብበት ዓይን አብሮ አልታሸገም።
“ዶክተር፣ ይሰማል?”
“ይሰማል።”
“ዶክተር?”
“ይሰማል ኡጁሉ!”
“…ዶክተር፣ ይሰማል?”
ከዚያ ድምፁም ሄደ።

የቀረን አጭር መልእክት ነው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦
ምስሉን ተወው። መስታወቱ ላይ በብዕር አስምር፣
አስራ ሁለት በአስራ ሁለት።
ጥቁሩን ጥ በለው፣ ግራጫውን ግ፣ ነጩን ነ።
ከታች ጀምር። ከበሩ።

ዮፍታሔ ከትምህርት ቤት መጥቶ
የምርመራ አልጋዬ ላይ እግሩን እያወዛወዘ ነበር።
የሂሳብ ደብተሩን ነጠቅኩት።
የሰባት ማባዣ ሰባት ጊዜ ስድስት ላይ ቆሟል፤
ገጹን ገለበጥኩ።

ግግነጥጥነግግግግግግ

አንድ ረድፍ፣ አንድ መልእክት። ረጅሙን መስመሩ አይሸከምም።

ግነግግጥግግነግግግግ

ሐኪም እንዲህ ሲንተባተብ ሰምቼ አላውቅም።
በእርሳስ አጠቁራለሁ፣ አደበዝዛለሁ፣ ነጩን እተዋለሁ።

ጥነግግግግግግነጥጥጥ

መብራት ጠፋ። በስልኬ ብርሃን ቀጠልኩ።
ስድስተኛው ረድፍ ላይ እርሳሴ ከእኔ ቀድሞ አወቀ።

እንግዴ ልጁ ነው።
ስም ያወጡለት ሰዎች ያዩት ነገር ነበር፦
ከባለቤቱ ጋር ይገባል፣ ስንቁን ያቀብላል፣
ልጁ ሲወጣ ተከትሎ ይሰናበታል።
ይሄኛው ግን እንግድነቱን ረስቶ፣
ደጃፉን ሞልቶ ተኝቶ፣
የቤቱን ልጅ መውጫ ነስቶ።

ሰባ ፊደል ነው የሚፈቀድልኝ።
ሌላ ቀን ለአንድ እንዲህ ላለ ነገር ሦስት ገጽ እጽፋለሁ፣
“ይመስላል” እና “ሊሆን ይችላል” እየደረደርኩ።
አሁን፦

ጣትህን እንዳታስገባ። ምጥ ሳይጀምራት ዛሬውኑ ጋምቤላ ላካት። ደም የሚሰጥ ሰው አብሮ ይሂድ።

ቆጠርኩት። አስራ ሁለት ፊደል ተርፎኛል፣ ክፍተቱ ጭምር።
አይዞህ። አይዞሽ።
ልክ ሞላ።

“ተልኳል” አለ ስልኩ። “ደርሷል” አላለም።
ቸርችል ላይ የመኪና መብራት ቁልቁል ይፈስሳል፣
ቀይ በአንድ በኩል፣ ነጭ በአንድ በኩል፣
ሁሉም ሰው ወደ አንድ ቦታ የሚደርስ ይመስላል።

ዮፍታሔ ደብተሩ ላይ አጎነበሰ።
“ይሄ ምንድን ነው?”
“በር።”
“እጀታውስ?”

ዘጠነኛው ረድፍ አስራ አንድ ፊደል ብቻ ነበረው።
አንዷ ከጎሬ ተራሮች ወዲያ ይሁን ወዲህ፣
የሆነ ዛፍ ላይ ቀርታለች።
እርሳሱን አነሳ፣ ባዶዋን ካሬ ሊሞላት።
“ተዋት” አልኩት።